ነፋስ የቆረጠው ጊዜ

እ.ኤ.አ. በ1704 አይዛክ ኒውተን «ኦፕቲክስ» የተባለውን የብርሃን መጽሐፉን ሲያሳትም፣ ከእሱ በኋላ ለመጡት የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ሁሉ የሚከብድ አንድ ሐሳብ አኑሮላቸው አለፈ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የቴሌስኮፕ አሠራር የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ ከኮከቡ እስከ ዐይናችን ያለው አየር መንቀጥቀጡን ስለማይተው ምስሉ ከአንድ ልክ በላይ አይጠራም አለ። መድኃኒቱም አንድ ብቻ መስሎ ታየው፤ ከደመና በላይ ወደሚወጡት ረጃጅም ተራሮች ሄዶ የረጋ አየር መሻት። ለሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል የዓለም ሥነ ፈለክ የተመራው በዚህ ምክር ነው። ከምክሩ አልፎ ለመሄድ የተደረገው ጥረት ግን ከተራራና ከመስታወት ይልቅ የስሌት ታሪክ ሆነ። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ሐሳብ ደጋግሞ ተገኝቷል፣ ደጋግሞም ተረስቷል። ዛሬ ከሩቅ ፀሐዮች ዙሪያ ያሉ ዓለማትን ለማየት የምንጓጓ ሁሉ የዚህ ታሪክ ወራሾች ስለሆንን፣ መገኘቱንም መረሳቱንም ማወቅ ይገባናል።

በተቀጣጠለ የከሰል ምድጃ ላይ አሻግሮ የተመለከተ ሰው ማዶ ያለው ግድግዳ ሲርገበገብ አይቷል። ሰማይ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር በሚቀላቀልበት ሁሉ እያንዳንዱ የአየር ኪስ በውስጡ የሚያልፈውን ብርሃን በመጠኑ ያጎብጠዋል። ከሩቅ ኮከብ የተነሣ የብርሃን ሞገድ ሺሕ ዓመታት ተጉዞ ምድር አጠገብ ሲደርስ ገና እንደ ሜዳ የተስተካከለ ነው፤ የሚጨማደደው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ነው። መጨማደዱን በልክ ያስቀመጠው አሜሪካዊው ዴቪድ ፍሪድ በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ በጥሩ ሥፍራና በጥሩ ሌሊት እንኳ ሞገዱ ሳይጨማደድ የሚገኝበት ስፋት ለዐይን በሚታይ ብርሃን ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ 8 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ብዙ ብርሃን ይሰበስባል እንጂ፣ በጥራት ረገድ አንድ ሰው በእጁ ይዞት ከሚወጣው ትንሽ ቴሌስኮፕ ብዙም አይበልጥም። ሁለተኛው ልክ የጊዜ ነው። ነፋሱ የአየሩን ኪሶች በቴሌስኮፑ ፊት እያሻገረ ስለሚወስዳቸው፣ አንድ የተጨማደደ ቅርጽ ሳይለወጥ የሚቆየው ለጥቂት ሚሊሴኮንድ ነው። ቅርጹን ማቃናት የሚፈልግ ሰው ለክቶ፣ አስልቶና አርሞ መጨረስ ያለበት በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። ይህን ጊዜ የቆረጠው ነፋስ ነው። በኒውተን ዘመንም ያው ነበር፣ በልጅ ልጆቻችን ዘመንም ያው ይሆናል።

የኒውተንን ምክር ተከትለው ሰዎች ወደ ተራራ ወጡ። ብሪታንያዊው ቻርልስ ፒያዚ ስሚዝ በ1856 ቴሌስኮፑን ተሸክሞ ወደ ተነሪፍ ተራራ ወጣ፤ በ1888 ካሊፎርኒያ ሐሚልተን ተራራ ላይ የሊክ ኦብዘርቫቶሪ ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ ማውንት ዊልሰን፣ ከዚያ የሃዋዪው ማውና ኬአ፣ ከዚያ የቺሊ በረሃ ተራሮች ተከተሉ። በ3,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያሉት የእንጦጦ ባለ1 ሜትር ቴሌስኮፖቻችንም የዚሁ ረጅም ሰልፍ አካል ናቸው፤ ከበላያቸው ያለው አየር ግን እነሱንም አይምራቸውም። ተራራ ችግሩን ያቀልለዋል እንጂ አያጠፋውም።

የመጀመሪያው ደፋር ሐሳብ የመጣው ከማውንት ዊልሰን ነው። ሆራስ ባብኮክ በ1953 ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ አየሩ ብርሃኑን ባጎበጠው ልክ መስታወቱ በተቃራኒው ቢጎብጥ ጉዳቱ ይካካሳል ሲል አስረዳ። ለዚህም ኤይዶፎር ከሚባለው የስዊስ መሣሪያ ተበደረ። ኤይዶፎር የቴሌቪዥን ምስልን በትልቅ የሲኒማ መጋረጃ ላይ ለማሳየት የተፈለሰፈ ሲሆን፣ የኤሌክትሮን ጨረር በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ኤሌክትሪክ እያኖረ ዘይቱን ያሸበሽበዋል። ባብኮክ ያን የተሸበሸበ ዘይት በመስታወት ላይ አድርጎ ከዋክብትን ለማቃናት አሰበ። ከአራት ዓመት በኋላ ቭላዲሚር ሊኒክ በሶቪየት ኅብረት ወደ ተመሳሳይ መደምደሚያ በራሱ መንገድ ደረሰ። በብዙ ቁራጭ የተሠራ መስታወት እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ፤ የሚለካበት ደማቅ ኮከብ ከሌለም በአውሮፕላን ላይ ሰው ሠራሽ ብርሃን ይሰቀል አለ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፣ ሁለቱም ሊሠሩት አልቻሉም። ንድፈ ሐሳቡ የተሟላ ነበር፤ የጎደለው በጥቂት ሚሊሴኮንድ ውስጥ የሚያሰላ ነገር ነው። የዚያን ዘመን ኮምፒውተር ክፍል ሙሉ ቦታ ይዞ ያን ሥራ ሊደርስበት አይችልም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከሰላማዊ ሳይንስ ይልቅ ከፍርሃት የተወለደ ነው። ስፑትኒክ በ1957 ከተወነጨፈ ወዲህ የአሜሪካ ጦር በበላዩ የሚያልፉትን የሶቪየት ሳተላይቶች ከምድር አጥርቶ ማየት ፈለገ። በዚያ ገንዘብ ኢቴክ የተባለው የማሳቹሴትስ ኩባንያ በጆን ሃርዲ መሪነት በ1973 የመጀመሪያውን የሚሠራ መሣሪያ አቆመ። ከመስታወቱ በስተጀርባ 21 ጥቃቅን ገፊዎች ነበሩት፤ እያንዳንዱ ገፊ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ መጠን ይለጠጣል ወይም ይኮማተራል። በዚህ መሣሪያ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ስሌቱ የተሠራበት መንገድ ነው።

የሚለካው ነገር የሞገዱ ቅርጽ ራሱ አይደለም፤ አንዱ ነጥብ ከጎረቤቱ ነጥብ በስንት እንደሚለይ ነው። ከነዚያ ልዩነቶች ሁሉ ተነሥቶ ሙሉውን ቅርጽ መመለስ ብዙ እኩልታዎችን በአንድ ጊዜ መፍታት ይጠይቃል። የሃርዲ ቡድን በዚያ ፍጥነት እኩልታ የሚፈታ ኮምፒውተር አልነበረውም። ስለዚህ በመስታወቱ ላይ ያሉት ነጥቦች በተደረደሩበት አኳኋን የተደረደረ የሬዚስተር መረብ ሠሩ። የተለካውን ልዩነት ሁሉ በኤሌክትሪክ ፍሰት መልክ በየመስመሩ አስገቡ። ፍሰቱ በመረቡ ውስጥ ተከፋፍሎ ሲረጋጋ፣ በየመገናኛው የሚነበበው ቮልቴጅ የተፈለገው መልስ ሆኖ ተገኘ። እኩልታውን የፈታው ማንም አልነበረም፤ ኤሌክትሪኩ በተፈጥሮ ሕጉ ሲረጋጋ መልሱን ይዞ ይረጋጋል። በሌላ አነጋገር፣ የችግሩን ቅርጽ ወስደው የሽቦውን ቅርጽ አደረጉት። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ የዚህ ሁሉ ታሪክ ክር እሱ ነውና።

በ1982 በሃዋዪ ሃሌአካላ ተራራ፣ በ1.6 ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ 168 ገፊዎች ያሉት መሣሪያ ሥራ ጀመረ። የጦር ሠራዊቱ ሰማይን አጥርቶ ያይ ነበር፣ የሥነ ፈለክ ሰዎች ግን አያውቁም። በዚሁ ዓመት ዊል ሃፐር የተባለ ፊዚሲስት ከምድር በላይ በ90 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚገኘውን የሶዲየም ሽፋን በሌዘር አብርቶ ሰው ሠራሽ ኮከብ መሥራት እንደሚቻል አሳየ፤ ሮበርት ፉጌትም ብዙ ሳይቆይ በኒው ሜክሲኮ በረሃ በሌዘር የተሠራ ኮከብን በሙከራ ፈተነ። ይህም በምስጢር ተያዘ። በ1985 ሁለት ፈረንሳውያን፣ ሬኖ ፉዋና አንትዋን ላቤይሪ፣ የሌዘር ኮከብን ሐሳብ በራሳቸው ደርሰውበት በይፋ አሳተሙ። በ1987 ደግሞ ሌርድ ቶምሰንና ቼስተር ጋርድነር በማውና ኬአ ላይ ሶዲየሙን አብርተው አሳዩ። የአሜሪካ መንግሥት ምስጢሩን የፈታው በግንቦት 1991 ነው። የሰው ልጅ ለአንድ ዕውቀት ሁለት ጊዜ ከፈለ፤ አንዴ በጦር በጀት፣ አንዴ በዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ድካም። በምስጢር የተያዘ ዕውቀት ለአገሩ የሚሰጠው ጥቅም ይኖረው ይሆናል፣ ነገር ግን የያዙት ሰዎች ጡረታ ሲወጡ ከነሱ ጋር የሚሄደው ብዙ ነው። የሬዚስተሩ መረብ ጥበብም ከጊዜ ጋር ሄደ።

በአደባባይ የተሠራው ሥራ የተጀመረው በአውሮፓ ነው። በጥቅምት 1989 በደቡብ ፈረንሳይ በኦት ፕሮቫንስ ኦብዘርቫቶሪ፣ በ1.52 ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ፣ ካም ኦን የተባለው መሣሪያ 19 ገፊዎቹን ይዞ በሥነ ፈለክ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሩን በዚያው ቅጽበት አቃና። ጄራር ሩሴ፣ ፒየር ሌናና ፍሪትዝ መርክል ከዚህ ሥራ ጋር ስማቸው የሚነሣ ሰዎች ናቸው። መሣሪያው በ1990 ወደ ቺሊ ላ ሲያ ተወስዶ በ3.6 ሜትሩ ቴሌስኮፕ ላይ ተገጠመ። በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ ቁጥር በቁጥር የሚያሰላ ዲጂታል ሆኗል፤ የሽቦው ጥበብ ቀርቶ የፕሮግራም ጥበብ ተተካ። ከዚያ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። የኬክ ቴሌስኮፖች በሃዋዪ፣ የቪኤልቲ ቴሌስኮፖች በቺሊ ይህን ዐይን አገኙ። የእኛ ጋላክሲ ማዕከል ላይ ያሉ ከዋክብት አንድ በአንድ ተለይተው ስለታዩ፣ በዚያ ስፍራ የ4 ሚሊዮን ፀሐይ ክብደት ያለው የማይታይ አካል፣ ማለትም ጥቁር ጉድጓድ፣ መኖሩ ተረጋገጠ። ራይንሃርድ ጌንዝልና አንድሪያ ጌዝ በ2020 የተቀበሉት የኖቤል ሽልማት በብዙው የተደገፈው በዚህ ዐይን ነው። ሽልማቱ በሚነገርበት ጊዜ ስለ ጥቁሩ ጉድጓድ ብዙ ይባላል፤ ከመስታወቱ በስተጀርባ በየሚሊሴኮንዱ ሲያሰሉ ስላደሩት ቦርዶች የሚናገር ግን ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ከሌላ መንገድ የመጣ አንድ ሰው ወደ ታሪኩ ይገባል። ሮስ ፍሪማን በ1984 ከባልደረቦቹ ጋር ዛይሊንክስ የተባለውን ኩባንያ ሲያቋቁም ያመነበት ነገር ለዘመኑ መሐንዲሶች ብክነት ይመስል ነበር። ትራንዚስተር ለወደፊቱ እጅግ ርካሽ ስለሚሆን፣ ቺፕ ሠርቶ ሥራውን አስቀድሞ ከመወሰን ይልቅ፣ ገዢው ራሱ ሽቦውን እንደፈለገ የሚያገናኘው ባዶ ቺፕ መሥራት ይሻላል አለ። በ1985 የወጣው የመጀመሪያው ቺፕ 64 የሥራ ክፍሎች ብቻ ነበሩት። ፍሪማን በ1989፣ ካም ኦን አየሩን ባቃናበት በዚያው ዓመት፣ ሥራው የት እንደሚደርስ ሳያይ አረፈ። ኤፍፒጂኤ የሚባለው ይህ ቺፕ የሚሰጠው ነገር የሃርዲ ሬዚስተሮች የሰጡት ነው፤ የችግሩን ቅርጽ የሽቦ ቅርጽ ማድረግ። ልዩነቱ ሽቦው በብየዳ ፈንታ በፕሮግራም መገናኘቱ፣ ነገም ሊፈታ መቻሉ ነው።

ሥራው በአንድ ሚሊሴኮንድ ውስጥ ምን እንደሚመስል ጠጋ ብለን እንይ። ሞገዱን የሚለካው መሣሪያ ሻክ-ሃርትማን ይባላል። ዮሃንስ ሃርትማን በ1900 የፖትስዳምን ቴሌስኮፕ ለመፈተን ቀዳዳ የበዛበት ሽፋን ተጠቅሞ ነበር፤ ሮላንድ ሻክ በ1971 በአሪዞና ቀዳዳዎቹን በጥቃቅን ሌንሶች ተካቸው። እያንዳንዱ ሌንስ በካሜራው ላይ አንድ የብርሃን ነጥብ ይጥላል፤ ሞገዱ ወደዚያ ካዘነበለ ነጥቡም ወደዚያ ይሸሻል። ካሜራው ምስሉን በአንድ ጊዜ አያወጣውም፣ ረድፍ በረድፍ ያፈስሰዋል። ተራ ኮምፒውተር ሙሉው ምስል እስኪደርስ ሊጠብቅ ይችላል። ኤፍፒጂኤው ግን አይጠብቅም። የመጀመሪያዎቹ ረድፎች እንደደረሱ የነጥቦቹን መካከል ማግኘት ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ነጥብ እንደታወቀም ያን ዝንባሌ፣ ዝንባሌዎችን ወደ ገፊ ትእዛዝ በሚለውጠው የቁጥር ሰንጠረዥ (ማትሪክስ) ዓምድ እያባዛ ለእያንዳንዱ ገፊ በተያዘለት ድምር ላይ ይጨምራል። ሁለተኛው ነጥብ ሲመጣ እንዲሁ፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። የመጨረሻው ፒክሰል ሲደርስ ሥራው ከሞላ ጎደል አልቋል፤ የቀረው የመጨረሻውን ቁራጭ ደምሮ ትእዛዙን ወደ መስታወቱ መላክ ነው። በመካከል ሥራ የሚያቋርጥ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የለም። እያንዳንዱ እርምጃ በስንተኛው የሰዓት ምት እንደሚፈጸም አስቀድሞ ይታወቃል፤ በመጀመሪያው ሌሊትና በሺሕኛው ሌሊት ያው ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር ከፍጥነቱ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። አየሩን በማቃናት ሥራ ላይ አማካይ ፍጥነት ብዙም አይረዳም። አንድ ኮምፒውተር ሥራውን ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ በሰዓቱ አድርሶ በሺሕኛው ቢዘገይ፣ በዚያች አንድ ጊዜ መስታወቱ አልፎ ለሄደ አየር ይጎብጣል፤ ምስሉ ላይም ከኮከቡ አጠገብ ያለውን ደካማ ፕላኔት የሚሸፍን ብርሃን ይረጫል። ስለዚህ የዚህ ሙያ ሰዎች ስለ ሥርዓቱ ሲጠየቁ አስቀድመው የሚመልሱት የከፋው መዘግየት ስንት እንደሆነ ነው።

የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ ይህን ሁሉ በአንድ መድረክ ለማሰባሰብ ስፓርታ የተባለ ሥርዓት ሠራ፤ ኤፍፒጂኤ፣ የሲግናል ቺፖችና ተራ ፕሮሰሰሮች በአንድነት የሚሠሩበት ነው። በ2014 ሥራ የጀመረው ስፌር የተባለው የፕላኔት ካሜራ የሚመራው በእሱ ነው። ከ1,200 በላይ ሌንሶች፣ 1,377 ገፊዎች፣ በሴኮንድ ከ1,000 ጊዜ በላይ። በየዙሩ የሚደረገው ማባዛትና መደመር ከሦስት ሚሊዮን ይበልጣል። በቺሊ አርማዞነስ ተራራ ላይ፣ በ3,046 ሜትር ከፍታ እየተሠራ ያለው የ39 ሜትሩ ቴሌስኮፕ ኢኤልቲ ደግሞ ልኩን ሁሉ ይሰብራል። አራተኛው መስታወቱ 2.4 ሜትር ስፋት አለው፣ ውፍረቱ ግን ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ በስድስት ቅጠል የተከፈለ ሆኖ ከ5,000 በላይ ገፊዎች ከበስተጀርባው ይይዙታል።

እስቲ አንድ ስሌት እናድርግ። አንድ ሞገድ ለኪ ብቻ 10,000 ዝንባሌ ቢሰጠንና ገፊዎቹ 5,000 ቢሆኑ፣ ማትሪክሱ 50 ሚሊዮን ቁጥሮች ይኖሩታል። ቁጥሩ በአራት ባይት ቢቀመጥ 200 ሜጋባይት ይሆናል። ይህ ሁሉ በሴኮንድ 1,000 ጊዜ መነበብ ስላለበት በየሴኮንዱ 200 ጊጋባይት ከማኅደረ ትውስታ መውጣት አለበት። ማባዛቱ ቀላል ነው፤ ጭንቁ ቁጥሮቹን ወደሚባዙበት ቦታ ማድረስ ነው። በኤፍፒጂኤ ውስጥ ያለው ማኅደረ ትውስታ እጅግ ፈጣን ቢሆንም ትንሽ ነው። ማትሪክሱ ለብዙ ቺፖች መከፋፈል አለበት፤ እያንዳንዱ ድርሻውን ያባዛል፣ ድምሮቹም በፈጣን መስመር ተሻግረው ይዋሃዳሉ። የቺፖች ክላስተር የተባለው አሠራር የተወለደው ከዚህ ነው። በሃዋዪ ለታሰበው የ30 ሜትር ቴሌስኮፕም በካናዳ ያሉ መሐንዲሶች ይህን የመሰለ ክላስተር ነድፈው ነበር። የሌዘር ኮከቦቹ ስድስት ሲሆኑ ስሌቱ በስድስት ይባዛል።

ነገር ግን ታሪኩ እንደገና ዞረ። ለጨዋታ ሥዕል የተሠሩት የግራፊክስ ቺፖችና በገበያ የሚገዙት ሰርቨሮች፣ ብዙ ማኅደረ ትውስታ በአንድ ጊዜ የማንበብ አቅማቸው በየዓመቱ አደገ። በ2011 በፓሎማር ተራራ የተገጠመው ባለ3,388 ገፊ መሣሪያ የተመራው በተራ ኮምፒውተሮች ውስጥ በተሰኩ ግራፊክስ ካርዶች ነው። ከ2015 ጀምሮ የፓሪስ ኦብዘርቫቶሪ፣ የዱራም ዩኒቨርሲቲና ማይክሮጌት የተባለው የጣልያን ኩባንያ በግሪን ፍላሽ ፕሮጀክት ሦስቱንም መንገዶች ጎን ለጎን ፈተኑ፤ ኤፍፒጂኤ ክላስተርንም፣ ግራፊክስ ቺፕንም፣ ብዙ ኮር ያለውን ፕሮሰሰርም። ለ30 ሜትሩ ቴሌስኮፕ የተነደፈው ልዩ ቦርድ ቀርቶ በሰርቨሮች ተተካ። ለኢኤልቲ ከሚዘጋጁት መሣሪያዎችም ብዙዎቹ የዕለት ተዕለት ፕሮሰሰርን ወይም ግራፊክስ ቺፕን መርጠዋል። ኤፍፒጂኤው ወደ ዳር ተገፍቷል፤ ከካሜራው የሚፈስሰውን ፒክሰል በሚቀበለው በርና ከመስታወቱ በስተጀርባ ባለው የኤሌክትሮኒክስ ሥራ ላይ ይገኛል።

ምርጫው ስሕተት ነው አልልም። ምክንያቱ በቅርብ ሲታይ ግልጽ ነው። አንድ የሥነ ፈለክ ባለሙያ ከሰዓት በኋላ አዲስ ቀመር ቢያስብ፣ በሰርቨር ላይ ማታውኑ ሊሞክረው ይችላል። በኤፍፒጂኤ ላይ ግን ሽቦውን ዳግም መንደፍ፣ ቺፑ ውስጥ ቦታ ማግኘቱን ማረጋገጥ፣ ለሰዓታት የሚወስደውን ማቀናበር መጠበቅ፣ የሰዓት ምቱን ካልጠበቀም እንደገና መጀመር አለበት። ይህን የሚችሉ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ የዩኒቨርሲቲ ደመወዝ ሊይዛቸው አይችልም። ቴሌስኮፕ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለግላል፣ ቺፕ ግን ገበያ ላይ የሚቆየው ከዚያ እጅግ ባነሰ ዕድሜ ነው። ቦርዱ ሲበላሽ መተኪያ የለም፣ የነደፈው ሰው ሌላ ቦታ ነው፣ የጻፈው ማስታወሻም ለራሱ ብቻ የሚገባ ነው። በዚህ ሁኔታ ተራውን ሰርቨር የመረጠ ኃላፊ ሊወቀስ አይገባም።

የሚያሳስበኝ የዕውቀቱ አያያዝ ነው። የኢቴክ መረብ ጥበብ ከሠሩት ሰዎች ጋር ተረሳ፤ የዛሬዎቹ ቦርዶች ምስጢር ባይሆኑም በአንድ ቡድን፣ በአንድ ኩባንያ መሣሪያ፣ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ስለተዘጉ ውጤቱ ያው ነው። ሌላ መንገድ መኖሩን የሚያሳይ ጎረቤት ግን አለ። በራዲዮ ሥነ ፈለክ ካስፐር የተባለው ትብብር፣ ከበርክሌይ ተነሥቶ፣ የኤፍፒጂኤ ቦርዶቹንና የፕሮግራም ቁራጮቹን ለሁሉ ክፍት አደረገ። ሮች የተባለው ቦርድ የተሠራው ከደቡብ አፍሪካ መሐንዲሶች ጋር በጋራ ነው፤ በካሩ በረሃ የቆሙት 64ቱ የሚርካት አንቴናዎችም ሲግናላቸውን ያዋሃዱት የዚሁ ቤተሰብ በሆኑና በዚያው በደቡብ አፍሪካ በተሠሩ ቦርዶች ነው። አንድ ቡድን የጻፈውን ሌላው አህጉር ላይ ያለ ተማሪ አንሥቶ ይቀጥልበታል። የኦፕቲክስ ሰዎች በዚህ ረገድ ዘግይተዋል፤ ዱራም ፕሮግራሙን ለሌሎች መስጠቱ መልካም ጅምር ሆኖ ሳለ በቦርድ ደረጃ እንደ ራዲዮው ያለ የጋራ ግምጃ ቤት አልተሠራም።

ዕውቀቱ ደግሞ ከሥነ ፈለክ ውጭም ሥራ አለው። በ1997 በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ጁንዦንግ ሊያንግ፣ ዴቪድ ዊሊያምስና ዶናልድ ሚለር ይህንኑ ዘዴ በሰው ዐይን ላይ አውለው፣ በሕያው ሰው ሬቲና ላይ ያሉትን ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ነጥለው አሳዩ። ከምድር ወደ ሳተላይት በሌዘር መልእክት ለመላክ የሚሠሩትም የሚታገሉት ከዚያው አየር ጋር ነው። በነዚህ ቦታዎች ተራራ የሚያክል ሰርቨር ማቆም አይቻልም፤ ኃይል የሚቆጥብ፣ ትንሽና የማይዘገይ ነገር ያስፈልጋል፤ ይህም ኤፍፒጂኤ ከሁሉ የሚሻልበት ሥፍራ ነው።

ኢኤልቲ በዚህ አሥር ዓመት ማብቂያ ግድም ብርሃን ሊቀበል ታቅዷል። የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎቹ በሰርቨርና በግራፊክስ ቺፕ ሊመሩ ተዘጋጅተዋል፤ ይሠራሉ ብዬም አምናለሁ። ከነሱ ቀጥሎ የታሰበው ግን ምድርን የመሰሉ ፕላኔቶችን ከአቅራቢያ ከዋክብት ብርሃን ነጥሎ ለማየት የሚያልም ካሜራ ነው። እሱ ከዛሬው እጅግ የበዙ ገፊዎች ይፈልጋል፤ ዙሩም በሴኮንድ ብዙ ሺሕ ጊዜ መሆን አለበት። ለስሌቱ የሚቀረው ጊዜ ያኔ በማይክሮሴኮንድ ይቆጠራል፤ ምስሉ ሙሉ እስኪሆን የሚጠብቅ ኮምፒውተርም በዚያ ልክ መገኘቱ ያጠራጥራል። ሽቦውን በችግሩ ቅርጽ የመሥራት ጥያቄ ለሦስተኛ ጊዜ ይነሣል። የዛሬዎቹን ክላስተሮች የነደፉት መሐንዲሶች ብዙዎቹ ገና በሥራ ላይ ናቸው፤ ሰነዶቻቸው፣ የፈተና ውጤቶቻቸውና የከሸፉባቸው ሙከራዎች በየላቦራቶሪው መሳቢያ አሉ። ለዚያ ካሜራ ንድፍ የሚቀመጡት ወጣቶች ያን መዝገብ ከፍተው መጀመር የሚችሉበት ጊዜ አሁን ነው፤ የሚጠየቁት ሰዎች በሕይወትና በሥራ ላይ እያሉ።